አርባ የተውላጠ ስም ጥያቄዎችና አንድ ግድግዳ

እኔ አፌን ዘግቼ ማንበብ አልችልም። የመድኃኒት ወረቀት ይሁን የሱቅ ማስታወቂያ፣ ዓይኔ ፊደሉን ሲያይ አፌም አብሮ ይከፈታል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ የተለጠፉትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ሳነብ፣ ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ «እናት፣ እኛም እኮ ማንበብ እንችላለን» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ማንበቤን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ?

ነገሩ ማንበብ ከተማርኩበት መንገድ የመጣ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷ ጋር ነው። እሷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ስታነብ፣ እኔ የዳቦ ቆሎዬን ሊጥ እየቆረጥኩ ከኋላ ከኋላዋ እላለሁ። እሷ «በ» ስትል እኔም «በ»። እሷ ከፍ ስትል በዓይኗ ብቻ ማንበብ ለመደች፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ለእኔ ፊደል ማለት ድምፅ ነው። ድምፁን ከነሳሁት ወረቀት ላይ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ ነው የሚመስለኝ።

ዳቦ ቆሎውን ላምበረት አውቶቡስ ተራ ለመንገደኛ እሸጣለሁ። በእሱ ነው ልጄን ያሳደግኳት። አሁን አግብታ ሄዳለች፤ የክፍል መጻሕፍቷ ግን በካርቶን ሆነው አልጋዬ ሥር ቀርተዋል።

ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ዳገት ገና ሳይጠና። አንድ ረጅም የቀበሌ ቤት ለአራት ተከፍሎ፣ አንዱ የኔ፣ ቀጥሎ ያለው የእትዬ። እትዬ የምላቸው ጎረቤቴን ነው፤ ዝምድና የለንም፣ እሳቸው ግን የሰፈሩ ታላቅ ናቸው። በእኔና በእሳቸው መሃል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ፣ ስስ የእንጨት ጣውላ ነው። ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» እላለሁ፤ ሻይ ሳማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ «ለብቻሽ?» ይላሉ።

እትዬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። ሰው እየተናገረ እሳቸው ያለ ስህተት ታይፕ ይመቱ ነበር አሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። በመርፌ ክር የሚሰካላቸው ሰው ነው፣ ሽሮ ከበርበሬ የሚለይላቸው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሳያማርሩ ተቀብለውታል። በዓመት አንድ ቀን ግን የማንንም እጅ የማይፈልጉበት ቀን አላቸው፤ እሱም የእድራችን ጥያቄና መልስ ነው።

እድራችን ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ዓመታዊ ስብሰባውን ያደርጋል። ስብሰባው ካለቀ በኋላ በቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ። እትዬ የታች ሰፈር አለቃ ናቸው። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው መሃል ወንበር ላይ ሲቀመጡ ማየት ነው! «እዚህ ወንበር ላይ ዓይን አያስፈልግም» ይሉኛል ሁልጊዜ፣ ከአዳራሹ ስንመለስ ክንዴን ይዘው።

ባለፈው ዓመት ጥያቄው ታሪክ ነበር። መጨረሻው አላማረም። እንጦጦ ላይ ከተሠሩት ቤቶች የትኛው ይቀድማል በሚል ተጀመረና፣ የማን አያት ቀድመው እዚህ ሰፈር መጡ ወደሚል ዞረ። ሁለት ጎረቤታሞች እስከ ፋሲካ ሰላምታ አቆሙ። ጥያቄ ያወጡ የነበሩት መምህርም «እኔን በቃኝ» ብለው ተዉት።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ከላምበረት ተመልሼ እግሬን ስታጠብ፣ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው ደጄ ላይ ቆሙ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ጸሐፊው ጉርድ ሾላ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ወደ ሰፈራችን ከመጣ ሦስት ዓመት የማይሞላው፣ ቃለ ጉባኤውን በኮምፒውተር የሚጽፍልን ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ዳኛው። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። «የዘንድሮውን ጥያቄ አንቺ ታወጪያለሽ።»

«እኔ? ጋሼ፣ ምነው ይቀልዱብኛል?»

«ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሳይሰለችሽ የምታወሪ አንቺ አይደለሽ? ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ አርባ ጥያቄ ብታወጪ ምን ይጎድልብሻል? ብቻ አደራ፣ ሰው የማይጣላበት ይሁን።»

«ሰው የማይጣላበት ነገር ምን አለ?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ታሪክ አይሆንም፣ አየሽው። ኳስ አይሆንም። ዘፈን ቢሆን በዘፋኝ ይጣላሉ፣ ምግብ ቢሆን በየአገራቸው ይጣላሉ። እንግዲህ ፈልጊያ!»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ እናቴ፣ ትምህርትዎ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?»

«እስከ ልጄ ስምንተኛ ክፍል» አልኩት።

አልገባውም። «ማለቴ፣ ጥያቄ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳይሾልክ ነው። ከፈለጉ ለእኔ አሳይተውኝ…»

«አንተ የላይ ሰፈር ተወዳዳሪ አይደለህ እንዴ?» አሉት ዳኛው። «ጥያቄውን ልታይ አማረህ?»

ፊቱ ቀላ። እኔም እልህ ያዘኝና «ከእኔና ከጥያቄው ሣጥን በቀር ማንም አያውቀውም። ከሾለከ ሁለተኛ አንድም ጥያቄ አታስወጡኝ» ብዬ በሰው ፊት አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

የዚያን ዕለት የልጄን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የአማርኛ ነበር። ስገልጠው ተውላጠ ስም የሚለው ላይ ወጣ። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እሷ፣ እኛ። ጮክ ብዬ አነበብኩትና ሳቄ መጣ። በዚህ ማን ይጣላል? ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም እኩል አለው። አንዱ ከሌላው ቀድሞ አልወሰደውም።

ከዚያ ወዲያ እንደ ንብ ነው የሆንኩት፣ ከየቦታው መልቀም። አንድ ቅዳሜ ዳገቱን ወጥቼ ኪዳነ ምሕረት ደረስኩና ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ መሪጌታ አገኘሁ። በጣታቸው እየቆጠሩ ዐሥሩን የግእዝ መራሕያን፣ ተውላጠ ስሞቹን ማለት ነው፣ ነገሩኝ። ከዐሥሩ አራቱ ለሴት ብቻ ናቸው፦ ይእቲ፣ አንቲ፣ ውእቶን፣ አንትን። «በአማርኛ ሲበዛ ወንዱም ሴቱም ‹እናንተ› ሆኖ ተቀላቀለ» አሉኝ፤ «በግእዝ ግን እናንተ ሴቶቹ ለብቻችሁ ወንበር አላችሁ።» ይቺን ቁጥር አሥራ ሰባት አድርጌ ጻፍኳት።

ስወርድ መንገድ ዳር ድንች ከምትሸጥ የእንጦጦ ገበሬ ሴት ጋር ተቀመጥኩ። በኦሮምኛ ለአንድ ሰው ወንድም ይሁን ሴት «አቲ» እንደሚባል፣ ሲያከብሩት ግን እንደ ብዙ ሰው ቆጥረው «ኢሲን» እንደሚሉት ነገረችኝ። «አንድ ሰው ሲከበር ይበዛል ማለት ነው?» ስላት «አንቺም እኮ ‹እሳቸው መጡ› ስትዪ አብዝተሽ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለት ጥያቄ ከእሷ፣ ሁለት ኪሎ ድንች በላዩ።

ላምበረት ደግሞ አውቶቡስ እስኪሞላ የማይወራ የለም። ከሰሜን የመጡ አሮጊት ዳቦ ቆሎዬን እየቆረጠሙ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ባላቸውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። በእሳቸው ጊዜ ነውር ነው። «እሱ» ነው የሚሉት። «እዚህ መሃል ቆሜ ‹እሱ!› ብዬ ብጣራ» አሉኝ፣ «ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል የሚዞረው የኔው ብቻ ነው።» አላመንኳቸውም መሰል ወዲያው ተነሥተው ተጣሩ። እውነትም ጥግ ላይ ሻንጣ ሲያስሩ የነበሩ ሽማግሌ ቀና አሉ። ይቺ ቁጥር ሠላሳ ሦስት ሆነች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አርባ ጥያቄ ሞላልኝ። ራሱን «እኛ» እያለ አዋጅ የሚያስነግረው ማን ነው? ከሚለው ጀምሮ፣ እንግሊዝኛ ለሕፃንም ለሽማግሌም ለጉባኤም የሚጠቀምበት አንድ ቃል የቱ ነው? እስከሚለው። ካርዶቹን ከብስኩት ካርቶን ቆርጬ ነው የሠራኋቸው፤ ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ።

የምጽፈው ከእራት በፊት ነበር። ስጽፍ ደግሞ፣ እንደነገርኳችሁ ነኝ፤ ፊደሉን ከአፌ ሳላወጣ በእጄ አይወጣም። «ቁ-ጥር ሰ-ባት» እላለሁ፣ እጄ ይከተለኛል።

ገና በመጀመሪያው ቀን የእትዬ ሬዲዮ ጮኸ። እንዲያው ዝም ብሎ መጮህ አይደለም፣ ኮምፔርሳቶው እስኪንቀጠቀጥ። እትዬ ሬዲዮ ሲሰሙ እንደ ወሬ ነው፣ በዝቅታ። ረስተውት ይሆናል ብዬ ግድግዳውን መታ መታ አደረግኩ። ጭራሽ ጨመሩት። እጄን ሳነሣና ካርዶቹን ሳስቀምጥ ሬዲዮው ይቀንሳል፤ በማግስቱ መጻፍ ስጀምር ያምባርቃል። አንድ ቀን አይደለ፣ ሁለት ቀን አይደለ።

ከፋኝ። እኒህ ሴት እኮ ናቸው ጋዜጣ ስታነቢ ደስ ይለኛል፣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል ይሉኝ የነበሩት። አሁን ጥያቄ አውጪ ብባል፣ ይቺ ያልተማረች ምን አስነሣት ብለው ይሆን? አንዳንዴ ሰው የሚያከብርሽ እኩያው እስክትሆኚ ድረስ ነው ብዬ ክፉ አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ «እንደምን አደሩ» እላለሁ፣ መልሱን ሳልጠብቅ እሄዳለሁ። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠሩኝም። የመርፌ ክር እንኳ በሌላ ሰው ማሰካት ጀመሩ።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ትራንስፎርመሩ ተቃጠለና ሦስት ቀን ሰፈሩ ጨለመ። ሻማ አብርቼ ካርዶቼን ዘረጋሁ። ከእትዬ በኩል ጸጥ። ሬዲዮው የኤሌክትሪክ መሆኑ ትዝ አላለኝም። እኔ የመሰለኝ ልባቸው የራራ ነው። ደስ ብሎኝ ድምፄን ለቀቅኩት። ያለቁትን ካርዶች ከቁጥር አንድ ጀምሬ፣ ጥያቄውን እንደ ጠያቂ፣ መልሱን እንደ ተወዳዳሪ እየሆንኩ፣ እንደውም ትክክል ሲመልሱ እያጨበጨብኩ አነበብኳቸው። ሦስቱንም ቀን።

ጥምቀት አለፈና የተወዳዳሪዎች ስም የሚያዝበት ቀን ደረሰ። እትዬ «እኔ ዘንድሮ አልገባም» አሉ። ታች ሰፈር ተተራመሰ።

«ለምን እትዬ?» አለቻቸው ዳቦ ቤት ያላት፣ ሁልጊዜ አጠገባቸው የምትቀመጠው የቡድናቸው ሴት።

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«ምን ነካዎት? መልስ የሚመልሰው ጉልበት ነው?»

«ብርድም አለ።»

«ፈርተው ነው በሉ! የቢሮው ሰውዬ በኮምፒውተር አጥንቷል ስለተባለ ፈርተው ነው!»

እትዬ በሰው ፊት እንዲህ ሲባሉ አይቼ አላውቅም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። እኔ ዳር ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ቂሜ እያለም ላምን አልቻልኩም። እትዬ ጸሐፊውን አይፈሩም። እትዬ ማንንም አይፈሩም።

ቅዳሜ፣ የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ቆሎ በሰሃን ይዤ ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጩ ቀሚስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የማይሄድ ሰው ቀሚስ አያስተኩስም።

«እትዬ፣ ምን አድርጌዎት ነው?» አልኩ ሳልቀመጥ።

«ማን፣ አንቺ? ምንም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሬዲዮ? እኔ ማንበቤ፣ እኔ መጻፌ ነው የደበረዎት?»

ጭንቅላታቸውን ወደ ኮምፔርሳቶው አዞሩ። «ቁጥር አሥራ ሰባት» አሉ ቀስ ብለው። «ከዐሥሩ የግእዝ መራሕያን ለሴት ብቻ የሚሆኑት ስንት ናቸው? አራት። ይእቲ፣ አንቲ፣ ውእቶን፣ አንትን። ቁጥር ሠላሳ ሦስት፣ ሚስት ባሏን በስሙ በማትጠራበት ዘመን ምን ትለው ነበር? እሱ። ልቀጥልልሽ?»

ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሬዲዮውን ያስጮህኩት እንዳልሰማሽ ብዬ ነው፣ አንቺ ሞኝ። እኔኮ ተወዳዳሪ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ‹ቁጥር አንድ› ስትዪ ደንግጬ በሽሮ እጄ ነው የከፈትኩት። አንቺ ደግሞ ግድግዳ ትመቻለሽ! ምን ልበልሽ? ጥያቄሽ ይሰማል ብልሽ ሥራውን ትተዪዋለሽ፤ ዝም ብል ይሰማኛል። እንግዲህ ጋዜጠኛው ይጩህ አልኩ። መብራት የጠፋ ጊዜ ግን ምን ላድርግ? ጆሮዬን በነጠላ ጠቀለልኩ፣ ትራስ ጫንኩበት። የአንቺም ድምፅ የዚያን ሰሞን ብሶበት! ማጨብጨቡ ደግሞ ምንድን ነው?»

መሳቅም ማልቀስም ቃጣኝ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔ አንዴ የሰማሁት ከጭንቅላቴ አይወጣም፤ እንጀራዬ ነበር። ብነግርሽ ሾለከ ይባላል። ያ ሸሚዛሙ ይቺን ነው የሚጠብቀው። በሰው ፊት ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ ከሾለከ ሁለተኛ አታስወጡኝ ብለሻል። ዓመት ይመጣል፤ እኔ ዘንድሮ ብቀር ምንም አይደል። አንቺም አፍሽን ዝጊ። ለአንድ ቀን ነው፣ አያቅትሽም።»

ምንም አይደል ይበሉ እንጂ እጃቸው የቀሚሱን ጫፍ ይዳስስ ነበር።

ቤቴ ገብቼ አዲስ አርባ ጥያቄ ላውጣ ብዬ ተቀመጥኩ። አፌን በሻሽ አሰርኩት፤ እውነቴን ነው። ሁለት መስመር ጻፍኩ። ሻሹን ፈትቼ ሳነበው አንዱም ትርጉም አልነበረውም። ካርዶቹን ወደ ሣጥናቸው መለስኩ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሰዓት የሚጠብቀው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ጡሩምባውን ግን አይነፋም፤ አንድ ዓመት ነፍቶት እናቶች ሰው የሞተ መስሏቸው እሪ ስላሉ፣ ከዚያ ወዲህ ፊሽካ ተገዝቶለታል። ላይ ሰፈር ሦስቱም ወንበር ሞልቷል፤ ጸሐፊው መሃል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ። ታች ሰፈር ሁለት ሰውና አንድ ባዶ ወንበር። እትዬ ከኋላ ከእናቶች ጋር ተቀምጠዋል፣ ነጩን ቀሚስ ሳይለብሱ።

ዳኛው «ጥያቄ አውጪ፣ ጀምሪ» አሉኝ።

ሣጥኑን ይዤ ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ጥያቄዎቹ ተሰምተዋል» አልኩ። «የሾለኩት ከእኔው አፍ ነው። አፌን ዘግቼ ማንበብ አልችልም፤ ቤቴ ደግሞ ግድግዳው ቀጭን ነው።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ብዬ ነበር እኮ» አለ። ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ቆርቆሮ ቤት ግን ሁሉን ያሰማል።

«ማን ሰማ?» አሉ ዳኛው።

እኔ መልስ ሳልሰጥ ከኋላ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። «እኔ ነኝ የሰማሁት» አሉ እትዬ ቆመው። «ሰምቼም ነው የቀረሁት። ጉልበቴ ደህና ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ድምፅ ዞረው፣ «አንቺንም አፍሽን ዝጊ ብዬሽ ነበር» አሉ።

«እሱን ነው እኮ የማልችለው!» አልኩ። ሳቁ ቆርቆሮውን አናጋው። ዳኛው ራሳቸው ባርኔጣቸውን በፊታቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄ የለም። ጸሐፊው «ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» አለ። እናቶች «የምሳው ወጥስ? ተሠርቶ የለም?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመጣልኝ፤ አስቤበት አይደለም።

«አንድ ነገር ፍቀዱልኝ» አልኩ። «እኔም ራሴ የማላውቀውን ጥያቄ ልጠይቅ። ከእናንተ አንዱ አንድ ዕቃ ይጥራልኝ። በእሱ ተረት አወራለሁ። በተረቱ ውስጥ ስም የለም፤ እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው፣ እነሱ ብቻ። መጨረሻ ላይ ማን ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ይሄንን እኔ ቤትም፣ ከግድግዳ ወዲያም ማንም አልሰማውም።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊው አዩ። «ይሄስ ይሾልካል?»

ጸሐፊው አሰበና «አይሾልክም» አለ። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ልበድለው አልፈልግም።

«እንግዲያው እትዬ ቦታዎ ይግቡ።»

ዳቦ ቤቷ ሴት ራሷ ሄዳ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። «ፈርተዋል ብያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ስትላቸው፣ «መጀመሪያ እናሸንፍ፣ ይቅርታውን እናየዋለን» አሏት።

ከኋላ አንዲት ሴት «ጃንጥላ!» ብላ ጮኸች። ጀመርኩ።

«ላምበረት ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። እሷ ጃንጥላ ይዛለች፤ እሱ አልያዘም። እሱ መኪና ሊጠይቅ ሲሄድ ሰጠችው። እሱ መንገድ ላይ እሳቸውን አገኛቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዘረጋላቸው። እሳቸው መኪናቸው ደረሰና ሲሳፈሩ፣ ሕፃን ላዘሉት ለእነሱ ተዉላቸው፤ ባልና ሚስት ናቸው። እነሱ ልጁን ሸፍነው ሄዱ። እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ በመስኮት ያያል። ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ማን ረጠበ?»

ጸሐፊው ወረቀቱ ላይ ክብ እየሠራ ከክብ ወደ ክብ ቀስት ያሰምር ነበር። ቀስቶቹ ተጠላልፈው የሸረሪት ድር ሆነዋል። እኔ ግን የማየው እትዬን ነው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጣቶቻቸው ቀሚሳቸው ላይ ቶሎ ቶሎ ይነካሉ፣ አሥሩም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ተረቱን ታይፕ እያደረጉት ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ስናገር፣ መስመር እንደጨረሰ ሰው ግራ እጃቸውን ገፋ አደረጉ።

«ያቺው የሰጠችው ናት የረጠበችው» አሉ፣ ፊሽካው ሳይነፋ። «ከእጇ ከወጣ በኋላ ማን መለሰላት?»

ጭብጨባው ቀለጠ።

እንዲህ እያልን ስምንት ተረት ሄድን። አንዱ «መጥረጊያ» ይላል፣ አንዱ «ምጣድ»፣ አንዱ ለማስቸገር «ስኳር ድንች»። ጸሐፊው ከሦስተኛው በኋላ ወረቀቱን ገልብጦ ማዳመጥ ጀመረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በረታ። ስምንተኛው ላይ እኩል ነበሩ። ዘጠነኛውን፣ መለያውን፣ የዳቦ ቤቷ ሴት ቸኩላ፣ ማንንም ሳትጠይቅ መለሰችና ተሳሳተች። ላይ ሰፈር በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

«እኔን ሳትጠይቂ! አፍሽ ላይ ምን አቃጠለሽ?» አሉ እትዬ። ከአዳራሹ እስከ ቤታችን፣ ቁልቁለቱን ሁሉ፣ ክንዴን ይዘው ይቺን ሴት ሲረግሟት ወረዱ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም።

ዳኛው ስንለያይ ጠሩኝ። «ለከርሞም አንቺው ነሽ» አሉኝ። «ብቻ ጥያቄ መጻፍ ተከልክለሻል።»

ሰኞ ከላምበረት ተመልሼ አርባዎቹን ካርዶች ሣጥኑ ውስጥ እንዳሉ አየኋቸውና አዘንኩላቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። አንዱን አወጣሁና «ቁጥር አንድ» አልኩ።

ከወዲያ ሬዲዮ በዝቅታ ያወራ ነበር። ጠቅ አለና ጠፋ። የእትዬ ወንበር መሬቱን እየፋቀ ሲጎተት ተሰማኝ፤ ኮምፔርሳቶው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄንን አውቀዋለሁ፣ ተዪው» አሉ። «ይልቅ ያቺ የረጠበችው ሴትዮ፣ ቤቷ ደረሰች?»

«ገና ናት እትዬ፣ ታክሲ ተሰልፋለች» አልኩና የኔንም ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።